ሙሴ ቪቶ ያለ ውኃ የወጣው ዳገት

ከባሌ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት አልፏል። ማስታወሻዬን በጉዞው ላይ ሳለሁ እይዝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ግማሹ ገጽ በማር ተጣብቆ ስለተበላሸ፣ ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት ከተረፈው ገጽና ከትዝታዬ አገጣጥሜ ነው። ያላረጋገጥኩትን ያላረጋገጥኩት መሆኑን እናገራለሁ።

በመጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ። አባቴ አቶ በላቸው ጎባ ተወልዶ ጎባ ያደገ ሰው ነበር። በወጣትነቱ አንድ ጣሊያናዊ እዚያው ከተማ በከፈተው ጋራዥ በመካኒክነት ይሠራ ነበር። ጣሊያናዊውን የጎባ ሰው ሙሴ ቪቶ ይለዋል። ሙሴ ቪቶ በአገሩ የመኪና እሽቅድምድም ተወዳዳሪ ነበር፤ ስንት ጊዜ እንዳሸነፈ ግን እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ጎባ ላይ ሰባት ጊዜ ይሉታል። እኔ በቤተ መዛግብት ሠራተኛነቴ ካገላበጥኳቸው የዚያ ዘመን ጋዜጦች ስሙን ያገኘሁት በሦስት ቦታ ብቻ ነው፤ አንዱ ላይ ሁለተኛ ወጥቷል፣ አንዱ ላይ ከመንገድ ወጥቶ ሳይጨርስ ቀርቷል፣ በሦስተኛው ስሙ ከተመዘገቡት መካከል አለ፣ ከጨረሱት መካከል ግን የለም። የተመዘገበ የውድድር ታሪኩ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ አስመራ ወዳሉ ዘመዶቹ መጣ፤ ከአስመራም የጭነት መኪና ይዞ ባሌ ድረስ ዘለቀ። ከደሎ መና ቡና፣ ከሮቤ ገብስ እየጫነ ሲኖር ሐሳቡ ግን ከውድድሩ አልተላቀቀም። ከተገለበጠች ትንሽ መኪና አንዲት የእሽቅድምድም መኪና በገዛ እጁ ሠራ። አስመራ ላይ እንዲወዳደርባት ወጪውን ለመቻል ያሰቡ ሁለት ሰዎችም፣ መኪናዋ ዳገት ስትወጣ ለማየት ከአዲስ አበባ ጎባ ድረስ መጡ።

በዚያ ዘመን ጎባ የሚያድር መኪና ሁሉ፣ በበጋው ወራት፣ ማታ ማታ የራዲያተሩ ውኃ ይወርድለት ነበር። ውርጩ ውኃውን ካረጋው ሞተሩን ይሰነጥቀዋልና። ጧት እንደገና ይሞላል። ነገሩ እንዳይረሳ ጋራዡ አንድ ደንብ ነበረው። ውኃውን ያወረደው ሰው የመሙያውን ጣሳ መሪው ላይ ይሰቅላል። ጣሳው መሪው ላይ ከተሰቀለ ራዲያተሩ ባዶ ነው፤ ካልተሰቀለ ሙሉ ነው። በዚያ ጧት መሪው ላይ ጣሳ አልነበረም። ሙሴ ቪቶ አስነሥቶ ወጣ፤ ከጎባ በላይ ባለው ዳገት ላይ ሞተሩ ተቃጥሎ ቆመ። ሁለቱ እንግዶች ወደ መጡበት ተመለሱ፤ እሱም ሁለተኛ አልተወዳደረም። የመኪናዋን ውኃ ማታ ያወረደው አባቴ ነበር።

አባቴ «ጣሳውን ሰቅያለሁ» እንዳለ ሞተ። ከጋራዡ ከተባረረ በኋላ ጎባ ውስጥ የሚቀጥረው ስላጣ አዲስ አበባ መጣ፤ በመጋዘን ጥበቃነት ሠርቶ ጡረታ ወጣ። መንገድ ላይ መኪና ተበላሽቶ ሰው ሲከበው እሱ ፊቱን አዙሮ ያልፍ ነበር። በመጨረሻው ሕመሙ ወቅት፣ የሥራዬ ልማድ ይመስለኛል፣ «አባዬ፣ ምናልባት ረስተኸው ይሆን?» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አልተነጋገርንም፤ ጊዜም አልነበረንም።

ስልኩ የተደወለው ባለፈው በጋ መግቢያ ላይ ነው። «የአቶ በላቸው ልጅ ነዎት? መዲና እባላለሁ፤ የምደውለው ከጎባ ነው። አባቴ ከአባትዎ ጋር ሠርቷል። የሚነግርዎ ነገር አለው» አለች። ስልኬን ከማን እንዳገኘች ጠየቅኋት። ከእድራችን ዳኛ። ነገሩ ምንድን ነው? «እሱ ራሱ ይንገርዎ፤ እኔ እንዳልናገር አስምሎኛል።»

የሚሸጥ ነገር ይኖራቸዋል ብዬ ጠረጠርኩ። ቀጥሎ ከዚህ የባሰ ጠረጠርኩ። አባቴ ረስቶ ሳይሆን በሰው ተልኮ፣ ሆን ብሎ ነው ያደረገው ሊሉኝ ይሆናል። ሁለት ሳምንት ካመነታሁ በኋላ ፈቃድ ወሰድኩ።

የመጀመሪያው ቀን

አውቶቡሱ ገና ሳይነጋ ተነሣ። አጠገቤ የተቀመጡት አቶ ገመቹ የሚባሉ፣ አጋርፋ ገበሬዎችን የሚያሠለጥኑ ጎልማሳ ናቸው። አዳማን ሳናልፍ የቆሎ ፌስታላቸውን ከፍተው ዘረጉልኝ። ከማላውቀው ሰው ምግብ ስለማልቀበል ጾም ነኝ አልኩ። አሰላ ቁርስ ስንወርድ ግን እንቁላል ሳዝ ከኋላዬ ቆመው አዩኝ። ሳቃቸውን በጋዜጣ ሸፈኑት።

«ለሥራ ነው ለዘመድ?» አሉኝ ከበቆጂ መገንጠያ በኋላ።

«ለሥራ።»

«የምን ሥራ?»

«የወረቀት።»

«ኧረ ጉድ ነው! እኛን ወረቀት እያሉ አዲስ አበባ ያመላልሱናል፤ እርስዎን ደግሞ ወደ ባሌ። መንገድ ላይ ተላለፍን ማለት ነዋ!»

ዶዶላ ላይ ምሳ በላን። ሥጋው እኛ ሰፈር በበዓል ብቻ የሚገኝ ዓይነት ነው፤ እዚያ ማክሰኞ ቀን ይበሉታል። ድንሾ አጠገብ ሦስት የደጋ አጋዘኖች ከመንገዱ ዳር፣ የጎረቤት ላም እንደሚቆም፣ ቆመው ያኝካሉ። ለጎብኚ ተብለው የታሰሩ መስለውኝ ገመዱን ፈለግሁ። ገመድ አልነበራቸውም።

ሮቤ የደረስነው በአሥራ አንድ ሰዓት ግድም ነው። ሜዳው እስከ ዓይን ማየት ድረስ የታጨደ ስንዴ ነው፤ እኛ አገር ገለባ በአህያ ጀርባ እንደሚታየው፣ ኮምባይነሮች በባጃጆች መካከል በከተማው ዋና መንገድ ላይ ያልፋሉ። ከአውቶቡሱ ስወርድ አቶ ገመቹ ሻንጣዬን አንሥተው ቀድመውኝ ሄዱ። «ሻንጣዬን!» ብዬ ጮኼ ተከተልኳቸው። የአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ ቁልፍ እስክቀበል ቆመው ጠበቁኝ። «ይህን ሆቴል የመረጥኩልዎ ሙቅ ውኃው ውሸት ስላልሆነ ነው» አሉና ወደ አጋርፋ የሚሄደውን የመጨረሻ መኪና ለመያዝ እየሮጡ ሄዱ። መኪናው እንዳመለጣቸው በማግስቱ ከአስተናጋጇ ሰማሁ።

ሁለተኛው ቀን

የክፍሌ መቆለፊያ ልል ስለነበር ወንበር ከበሩ እጀታ ሥር ወትፌ ነበር የተኛሁት። ጧት ወንበሩ ተቀርቅሮ አልነቃነቅ አለ። ለግማሽ ሰዓት ከታገልኩ በኋላ መጣራት ግድ ሆነብኝ። አስተናጋጇ ከኋላ ዞራ በመስኮቱ ዘልላ ገባችና በአንድ ርግጫ አስለቀቀችው። «ሌባ መጥቶብዎት ነበር እንዴ?» አለችኝ። አይ አልኩ። ወንበሩን አየች፣ እኔን አየች። «እንግዲያው ወንበሩ ነው ሌባው» ብላ ሻይ ልታመጣልኝ ወጣች።

ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ አጭር መንገድ ነው፤ ከተሞቹ ግን አይመሳሰሉም። ሮቤ ሜዳ ላይ የተዘረጋች፣ ጥድፊያ የሚበዛባት ናት። ጎባ ቢሮዎቿን ለሮቤ አስረክባ ከተራራው ሥር በባሕር ዛፍ መካከል የተቀመጠች፣ ዝምታዋ የሚሰማ ከተማ ናት። ብርዱ የእንጦጦን ብርድ ያስንቃል።

መዲና የመኪና መለዋወጫ የምትሸጥ፣ አርባዎቹን ያጋመሰች ሴት ሆና አገኘኋት። «አካም ቡልተን፣ አዴ መሠረት! እንዴት አደሩ?» ብላ ሁለት ጊዜ አቀፈችኝ፤ አዴ ወይዘሮ ማለቷ ነው። ስጠብቅ የነበረው ስለ ዋጋ የሚነሣ ወሬ ነበር። እሷ ግን አባቷ ጉልበቱ ብርዱን አልችል ስላለው ደሎ መና እንደወረደ፣ ነገ አብረን እንደምንወርድ ብቻ ነገረችኝ። «እስከዚያ ጋራዡን ይዩት» አለች። ማንነቴን እንዳትናገር አስጠነቀቅኋት።

ጋራዡ ያው የሙሴ ቪቶ ጋራዥ ነው፤ አሁን የያዘው ስድሳን ያለፈ ጋሽ ታደሰ የሚባል ሰው ነው። በሩ አጠገብ አንድ ዝገት የበላው የሞተር ብሎክ ተቀምጧል፤ ብረት ሲቀጠቅጡ እንደ መስፍ ይገለገሉበታል። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ከአንድ አይሱዙ ሥር ዘይት በመሬቱ ላይ ፈሰሰ፣ አንዱ መካኒክም በሌላው ላይ ጮኸ።

«ብሎኑን ሳትዘጋው ነው ዘይት የሞላኸው? አንተ በላቸው!»

ሁሉም ሳቁ። እኔ ማስታወሻ ደብተሬን ዘጋሁ።

«ልጁ ስሙ በላቸው ነው?» አልኩ።

«ኧረ ኢብሳ ነው» አለ ጋሽ ታደሰ። «በላቸው እዚህ ስም አይደለም፣ በሽታ ነው። የሚረሳ መካኒክ በላቸው ይባላል። እኔም ለማጅ ሳለሁ ስንቴ በላቸው ተብያለሁ!»

መዲና መሬት መሬቱን ታይ ነበር።

ጋሽ ታደሰ ብሎኩን በእግሩ መታ አድርጎ ታሪኩን ጀመረ። እሱ በሚያወራው ሙሴ ቪቶ ሰባት ዋንጫ አለው፤ ከንጉሥ እጅ ተቀብሏል፤ በላቸው ደግሞ የዚያን ዕለት ማታ ጠጥቶ ነበር። አባቴ መጠጥ የሚባል ቀምሶ አያውቅም። በተቻለኝ መጠን ድምፄን አለስልሼ፣ «መጠጣቱን ማን አየ?» አልኩ።

«ሳይጠጣማ እንዴት ይረሳል፣ እመቤቴ?»

«ሾፌሩስ? መኪናው ሲሞቅ የሚያሳይ መለኪያ አልነበረውም?»

«እሱን ሰው ሁሉ ይጠይቃል። መለኪያው የተነከረው ውኃው ውስጥ ነው። ውኃ ከሌለ እሱም አይናገርም። ምስኪኑ መርፌው ሳይነቃነቅ ሞተሩን ጠበሰው!»

በዚያ ጋራዥ አንድም ሰው ለአባቴ ክፉ አልነበረም። ያስቃቸው ነበር፤ ሌላ አይደለም። ከክፋት ይልቅ ሳቁ ከበደኝ።

መዲና ቤቷ እንዳድር ስትለምነኝ ሁለት ጊዜ እንቢ አልኩ። በሦስተኛው አብራኝ ሆቴል ሆቴል ዞረች፤ ውኃም መብራትም ያለው ስናጣ እንደተሸነፍኩ ገባኝ። ከሰል ያነደደችበትን ክፍል ለቀቀችልኝ፤ በሩ መቀርቀሪያ አልነበረውም። ጭኮ አቀረበችልኝ፤ የተቆላ ገብስ ዱቄት በቅቤ የታሸ ነው። አባቴ በየዓመቱ አንድ ጊዜ፣ ቅቤ ሲገኝ፣ በእጁ እያሸ ሊያቀምሰን ይሞክር ነበር። እንደዚህኛው ሆኖለት አያውቅም።

ሦስተኛው ቀን

ወደ ደሎ መና የወረድነው መዲና በምታውቀው ሾፌር የጭነት መኪና፣ ፊት ተቀምጠን ነው። ልንነሣ ስንል ለመንገድ ብላ አንድ ጣሳ ማር ቦርሳዬ ውስጥ ከተተችልኝ። ምን ፈልጋ ነው እያልኩ እስከ ዳገቱ ድረስ ሳሰላስል ሄድኩ።

ከጎባ የመጨረሻ ቤቶች ብዙም ሳንርቅ ሾፌሩ አዘገመ። «የሙሴ ቪቶ ማዞሪያ» አለ። እንዲያቆምልኝ ለመንኩትና ወረድኩ። በልጅነቴ የሣልኩት ቦታ ከተራራው ጫፍ፣ በደመና ውስጥ ነበር። ይህ ግን ሳር የበቀለበት ተራ መታጠፊያ ነው፤ ከሥሩ የጎባ ቆርቆሮዎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። ሰውየው የውድድር ዘመኑን ይዞ የሮጠው ይህችን ያህል ብቻ ነው። በእግሩ ሲመለስ ጋራዡን እያየ ነው የወረደው ማለት ነው። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሱም አዘንኩለት።

ከተራራው አናት ባለው የሳነቴ ሜዳ ላይ ሰው የለም። ጅብራ የሚባሉት ረጃጅም ተክሎች ከሩቅ ሰው መስለው ይቆማሉ፤ አንድ ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ አፍ ላይ ጆሮውን ጥሎ ይጠብቃል፣ መኪናችንን ቀና ብሎም አላየ። ከዚያ መንገዱ ወደ ሐረና ደን ይወድቃል። ብርዱ ይቀራል፣ ጭጋግና ሽበት የለበሰ ዛፍ ይጀምራል። ሪራ በምትባል የደኑ መንደር ሻይ ልንጠጣ ስንቆም ቦርሳዬን ከፈትኩ። የጣሳው ክዳን ተላቅቋል። ማሩ ማስታወሻዬን፣ መነጽሬን፣ የአባቴን ጉርድ ፎቶግራፍ ያሸግኩበትን ፖስታ አንድ አድርጎታል። ሾፌሩ ዘወር ብሎ አየና፣ «ሪራ ላይ የንብ ዘመዶች አሉ፣ ቦርሳውን ቶሎ ይዝጉት!» አለ። መዲና በእንባ ጭምር እየሳቀች በሞቀ ውኃ ፎቶግራፉን አጥባ በነጠላዋ ጫፍ አደረቀችው። የአባቴን ፊት ስታደርቅ እጇ ዘገየ። ያን ጊዜ ነገሩ የሽያጭ አለመሆኑን ተረዳሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አሁንም አላወቅኩም።

ደሎ መና ሞቃት ናት። ኦቦ አማን፣ የመዲና አባት፣ ከማንጎ ጥላ ሥር በተዘረጋ አጎዛ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ቀጭን ሰው ናቸው። እጄን ያዙ፣ አልለቅም አሉ።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ኢንተላ ኮ» አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሻዩን ጠጪ፤ ከዚያ እነግርሻለሁ። ከነገርኩሽ በኋላ የምትጠጪ አይመስለኝም።»

ሻዩን ጠጣሁ።

«ጣሳው መሪው ላይ ነበር» አሉ። «እኔ ነኝ ያነሣሁት።»

«ለምን?»

«ለውዱእ።»

ውዱእ ከሶላት በፊት የሚደረገው መታጠብ ነው። ኦቦ አማን ከአባቴ ጋር በአንድ ዘመን የተቀጠሩ መካኒክ ናቸው፤ የዚያን ሌሊት ተረኛ አዳሪ እሳቸው ነበሩ። ለንጋት ሶላት ሲነሡ ቧንቧው ረግቷል። በርሜሉም በረዶ ለብሷል፤ ውኃ የሚጨለፍበት ዕቃ ደግሞ ያ ጣሳ ብቻ ነበር። ከመሪው አነሡት፣ በረዶውን ሰበሩበት፣ ከግንቡ ኋላ ሄደው ታጠቡና ሰገዱ።

«ሰግጄ ስመለስ ጣሳውን የሰቀልኩት በቦታው፣ በርሜሉ አጠገብ ሚስማሩ ላይ ነው። እጄ የለመደው እሱን ነው። መሪው ላይ እንደነበር ከአእምሮዬ ወጣ። ሙሴ ቪቶ መጣ፣ መሪውን አየ፣ አስነሣ፣ ሄደ። በእግሩ ሲመለስ ‹ማነው ባዶ ያደረጋት?› አለ። በላቸው ‹እኔ ነኝ፤ ጣሳውን ሰቅያለሁ› አለ። ሙሴ ቪቶ ወደ እኔ ዞረ። ‹ጣሳው የት ነው?› አለኝ። ‹ሚስማሩ ላይ ነው› አልኩ።»

እጄን ለቀቁ።

«ውሸት አይደለም» አሉ ቀጥለው። «ሚስማሩ ላይ ነበር። ወላሂ፣ በዚያ ቀን አንድም ውሸት አልተናገርኩም። ሚስቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ሳምንት ቀርቷታል። ደግሞም አምስት ሆነን ነበር እዚያ የምንሰግደው። ‹የእናንተ ሶላት መኪና ጨረሰ› ብለው እንዳይከለክሉን ፈራሁ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ በላቸው ሄዷል።»

አንባቢ እዚህ ላይ እንዳለቀስኩ ያስብ ይሆናል። አላለቀስኩም። ጠረጠርኩ። አንድ ሽማግሌ፣ የድሮ ባልደረባቸውን ልጅ ለማጽናናት፣ ከመሞታቸው በፊት ጽድቅ ለመሥራት ሲሉ ያልሠሩትን በራሳቸው ላይ ሊጭኑ ይችላሉ። በሥራዬ ብዙ እንዲህ ያለ ደግ ወረቀት አይቻለሁ። ስለዚህ እንደ ወረቀት መረመርኳቸው።

«ሙሴ ቪቶ ሲጠይቀው አባቴ ወዲያው ነው የመለሰው?»

«ኧረ የለም» አሉ ሳያመነቱ። «ዘገየ። እሱም ጎዳው። ሰውየው ሁለት ጊዜ ነው የጠየቀው። በላቸው አፉ ሙሉ ነበር፤ ጭኮ አጉርሼዋለሁ። እናቴ የላከችልኝ ነው። እሱ ለመዋጥ ሲታገል ሁሉም ‹ያው ዝም አለ› አሉ።»

በነገሩ ውስጥ ጭኮ እንዳለበት አባቴ የነገረው ለእኔ ብቻ ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ፣ ጭኮውን እያሸ ሳለ። «ከዚህ የተነሣ ነው ነገሩ የባሰው» ብሎኝ ነበር፤ ልጅ ስለነበርኩ ምን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ በማስታወሻዬም አልጻፍኩትም። ብርጭቆውን መሬት አስቀመጥኩ።

«አፉ በይኝ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ይቅር በይኝ ማለታቸው ነው።

«ለእኔ መንገርዎ አይበቃም» አልኳቸው። ከራሴ ድምፅ የቀዘቀዘ ድምፅ ነበር የወጣኝ። «ስሙ ያለው ጎባ ነው።»

መዲና ልትናገር አፏን ከፈተች። ዳገቱን፣ ብርዱን፣ ጉልበታቸውን ልትጠቅስ እንደነበር አውቃለሁ። ኦቦ አማን እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟትና፣ «ካፖርቴ የት ነው?» አሉ።

አራተኛው ቀን

በመጣንበት መኪና ተመለስን። ኦቦ አማን በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልለው በመካከላችን ተቀመጡ። ሳነቴ ላይ ከንፈራቸው ሲጠቁር አየሁና ምን ማድረጌ ነው ብዬ በራሴ አፈርኩ፤ ሻሌን ደረብኩላቸው። ማዞሪያው ላይ ስንደርስ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ አልተኙም።

ጋራዡ ውስጥ ሰባት ስምንት ሰው ነበር። ጋሽ ታደሰ ወንበር አቀረበላቸው። እሳቸው ቆመው ተናገሩ፤ አንዳንዱን በኦሮምኛ፣ አንዳንዱን በአማርኛ፤ ለእኔ ያሉትን አንድም ሳይቀንሱ። ሲጨርሱ ጋሽ ታደሰ እኔን በጎን እያየ፣

«ኦቦ አማን፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እኚህ ሴትዮ ምን ብለውዎት ነው?» አለ።

ከአዲስ አበባ ጀምሮ በሰው ሁሉ ላይ የያዝኩት ጥርጣሬ በእኔ ላይ ዞረ። ያንን ፊት አውቀዋለሁ፤ አራት ቀን ሙሉ የራሴ ፊት ነበር።

«እኚህ የበላቸው ልጅ ናቸው» አለች መዲና።

ኢብሳ ከአይሱዙው ሥር ወጥቶ ቆመ። እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ ከጠራም በኋላ መጥረጉን አልተወም።

«እኔስ» አለ ጋሽ ታደሰ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከትናንት ወዲያ ምን ምን ነበር ያልኩት?»

«ጠጥቶ ነበር ብለሃል» አልኩት። «አይጠጣም።»

«እና ስሙን አሁን ምን ልናደርገው ነው? ከልጅነታችን ጀምሮ አፋችን ላይ ነው።»

«የእኔን ጥሩ» አሉ ኦቦ አማን። «የሚረሳ ሲገኝ አማን በሉት። ተገቢው ይኸ ነው።»

«ወላሂ፣ የእርስዎን ስም ማን ይደፍራል!» አለ ኢብሳ። የተሳቀው ያን ጊዜ ነው፤ ሽማግሌውም ሳቁ። ጋሽ ታደሰ ግን አልሳቀም። ወደ እኔ መጥቶ፣ «እርስዎ ያምኗቸዋል?» አለኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። አዎ ካልኩ፣ አባቴ በሕይወት ሳለ ማመን ነበረብኝ ማለት ነው፤ ያንን ከማለት የሚያድነኝ ሌላ ጥያቄ ፈለግሁ፣ አላገኘሁም።

«አምናለሁ» አልኩ።

ጋሽ ታደሰ ራሱን ነቅንቆ ወደ ውስጥ ገባ። ተመልሶ የመጣው ትኩስ ወተት በኩባያ ይዞ ነው፤ መጀመሪያ ለኦቦ አማን፣ ቀጥሎ ለእኔ ሰጠ። በዚያ ጋራዥ ዛሬ ምን እየተባለ እንደሚጮህ አላውቅም። የሰው አፍ በአንድ ከሰዓት ይለወጣል ብዬ አልጽፍም።

አምስተኛው ቀን

መዲና በጎረቤቷ መኪና እስከ ሮቤ መናኸሪያ ሸኘችኝ። ኦቦ አማን ተዉ ቢባሉም አልቀርም ብለው ከኋላ አጠገቤ ተቀምጠው መጡ። ሜዳው ላይ ውርጭ ነበር፤ ገለባው ሁሉ ነጥቷል። መዲና ሻንጣዬን ልታስጭን ስትወርድ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

«አልመለስሽልኝም» አሉ።

ከደሎ መና ጀምሮ መልሱን ሳዘጋጅ ነበር። «የራሴን አፉ ብያለሁ» አልኳቸው። «የእሱን ግን በእሱ ፈንታ ልሰጥዎ አልችልም።»

«እሱማ ልክ ነሽ» አሉ፤ የተቀየሙ አልመሰሉም። «የሱን እዚያው እጠይቀዋለሁ። ቅርብ ነኝ።»

የአውቶቡሱ ሾፌር ለመንገደኞች ጥሩምባ ነፋ። በሩን ከፍቼ አንድ እግሬን አወጣሁና ቆምኩ።

«ኦቦ አማን፣ ሲያገኙት ለእኔም ይጠይቁልኝ።»

«አንቺ ደግሞ ምን አደረግሽው?»

«አላመንኩትም።»

ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ።

«መጀመሪያ የአንቺን እጠይቃለሁ» አሉ። «አሁን በሩን ዝጊው፤ ብርዱ ገባ።»